ቁልፉ እኔ ጋ ነበር፦ ሁለት ዓመት በሴፒክ ገባር ወንዝ ዳር

ባለፉት ወራት ሦስት የሙያ ጓደኞቼ ስለ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ጠይቀውኛል። አንዷ እንዲያውም ኮንትራቷን ፈርማ ቪዛ እየጠበቀች ነው። ለሦስቱም የነገርኳቸው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ በስልክ የማይወጣ ደግሞ አለ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ነርስ ነኝ። ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. በአገሩ ሰሜን ባለው በትልቁ የሴፒክ ወንዝ ላይኛው ክፍል፣ ወደ ዋናው ወንዝ በሚገባ አንድ ገባር ዳር፣ ሠላሳ ያህል ቤት ባላት መንደር ሠርቻለሁ። የመንደሯን ስም አልጠራም። የማወራው የሰዎችን የጭንቅ ቀን ነውና።

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ፖርት ሞርስቢ ስደርስ ከተማው በሙሉ በባንዲራ ተሸፍኗል፤ አገሪቱ ከአውስትራሊያ ነፃ የወጣችበትን 40ኛ ዓመት ታከብር ነበር። ያ ዓመት የኤልኒኖ ዓመት ነው። እኛን የመታን ድርቅ እነሱንም መትቷቸዋል፤ በደጋው ውርጭ ስኳር ድንቹን ፈጅቶት ነበር፣ ቆላው ደግሞ ወንዙ ጎድሎበታል። ዋና ከተማዋን ከሰሜኑ የሚያገናኝ መንገድ የለም። በአውሮፕላን ወደ ዌዋክ፣ ከዌዋክ በጭነት መኪና ማፕሪክን አልፈን መንገዱ ወደሚያልቅበት ወደ ፓግዊ፣ ከዚያ በሞተር ታንኳ ወደ ላይ። ወንዙ ሲሞላ ሰዎቹ «ባሬት» በሚሏቸው ጠባብ ቦዮች እያቋረጡ መንገዱን ያሳጥሩታል። ሲጎድል ግን ቦዮቹ ይደርቃሉ፤ ጠመዝማዛውን ሁሉ መዞር፣ ግንድ ላይ በተቀረቀርን ቁጥር ወርዶ መግፋት ነው። የሞተሩን ነጂ ስንት ቀረን ባልኩት ቁጥር «ክሎስቱ» ይለኛል፤ ቅርብ ነው ማለት ነው። ገጠር የሠራ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል፤ የእኛ ባላገርም «እዚችው ነው» ብሎ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ሁለት ቀን ሄድን።

ስለ ሻንጣ ብዙ አልልም። ግማሹን መመለስ ነበረብኝ። ያልያዝኩትና ያለቀስኩበት ግን ቀላል ነገር ነው፦ ሳሙና፣ ፋሻ፣ የቁስል ፕላስተር ለራሴ። የታማሚውን አልነካም ብዬ በሁለተኛው ሳምንት ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያከክኩትን የትንኝ ንክሻ ችላ አልኩት። በአምስት ቀን ውስጥ ሳንቲም የሚያህል ቁስል ሆነ፣ በአሥር ቀን ጠርዙ አብጦ መሐሉ ጎደጎደ። ትሮፒካል አልሰር የሚባለው ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ባለበት አገር ጭረት እንዲህ ይሆናል። ጠባሳው ዛሬም አለ። እዚያ የምትሄዱ ሁሉ ጭረትን የተቧጨራችሁባት ሰዓት ላይ ታጠቡ፣ ሸፍኑ። ለነገ አትበሉ።

ወባን እኔ የማውቃት መስሎኝ ነበር። አርባ ምንጭ ሠርቻለሁ፤ ኮአርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒት ስሰጥ ኖሬያለሁ። መከላከያ ክኒኔን አራተኛው ወር ላይ ያቆምኩት በዚህ ልበ ሙሉነት ነው። የመንደሩ ሰው ሳይወስድ ይኖራል፣ እኔስ? አልኩ። የመንደሩ ጎልማሳ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲነደፍ የኖረ፣ ሰውነቱ በከፊል የተለማመደ ነው። እሱም ቢሆን ታናናሾቹን ቀብሮ ነው እዚያ የደረሰው። እኔ ምንም የለኝም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደቅሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ይህን ለስንት እናት ተናግሬያለሁ! ራሴ ስታመም ግን ቤቴ ያለው ሳጎ ብቻ ነበር፤ ከዘንባባ ግንድ የሚወጣ ዱቄት ነው። ሳጎ ደግሞ ንጹህ ስታርች ነው፤ ቅባት የሚባል ነገር የለውም። ስድስቱንም ዶዝ በሦስት ቀን ጨረስኩ፣ ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። በሁለተኛው ዙር የጎረቤቴ አሮጊት፣ ማማ እላቸው የነበሩት፣ ኮኮናት ፈቅፍቀው ወተቱን ጨምቀው በዛጎሉ አመጡልኝ። ጎንበስ ብለው ራሴን ደግፈው አጠጡኝ። ስለ መድኃኒቱ የሚያውቁት ነገር የለም፤ የከሳ ሰው ቅባት እንደሚያስፈልገው ግን ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ታማሚ ኮአርተም ስሰጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ቤት ውስጥ ኮኮናት አለ ወይ ብዬ ሆነ። የወተት ዱቄትም ይሆናል፤ ከዌዋክ ስትወጡ ብዙ ግዙ።

ስለ ሳጎ ካነሳሁ ላይቀር፣ መንደሩን መውደድ የጀመርኩት በእሱ በኩል ነው። የተወለድኩት ወልቂጤ አጠገብ ነው፤ አያቴ እንሰት ሲፍቁ እያየሁ አድጌያለሁ። አንድ ጠዋት ማማ ረግረጉ ውስጥ ወሰዱኝ። ወንዶቹ አበባ ሳያወጣ የቆረጡትን የሳጎ ዘንባባ ቅርፊቱን ገልጠውታል። ሴቶቹ ውስጡን እየወቀጡ ያደቅቁታል፣ ከዛፉ ቅርንጫፍ በተሠራ ገንዳ ላይ ውኃ እያፈሰሱ ያሹታል፤ ነጭ ውኃ በወንፊቱ እያለፈ ታች ይጠራቀማል። ሲረጋ ውኃው ይደፋና ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይቀራል። አየሁና እንባዬ መጣ። ቡላ ነው! ዛፉ ሌላ ነው፣ አገሩ ሌላ ነው፣ ሥራው ግን የአያቴ ሥራ ነው። ልብሴን ሰብስቤ ገብቼ አብሬያቸው ማሸት ጀመርኩ። እጄ የለመደውን ነገር ሲሠራ ሲያዩ ሴቶቹ ዝም አሉ፣ ከዚያ በአንዴ ሁሉም ይጠይቁኝ ጀመር። ሦስት ወር ሙሉ ለክትባት ስጠራቸው የማይመጡ እናቶች በማግስቱ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። በጊዜው ለምን እንደመጡ እንኳን አልገባኝም ነበር።

ምግብ ለእኛ ሰው ሌላም ፈተና አለው። አሳማ ትልቁ የክብር ምግብ ነው፤ አዞም ይበላል። እኔ ደግሞ ጾመኛ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሆዴን አሞኛል እያልኩ እሸሽ ነበር፤ ይህ ስህተት ነው። ነርሷ ሁልጊዜ ሆዷን የምትታመም ከሆነ ወይ መድኃኒቷ አይሠራም ወይ ምግባችንን ተጸየፈችው ይባላል። በመጨረሻ እምነቴ አይፈቅድልኝም ብዬ እውነቱን ስናገር ሰዎቹ ወዲያው «ሰቨን ደይ ነሽ እንዴ?» አሉኝ። በአገሩ ሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቶች ብዙ ናቸው፤ አሳማ እንደማይበሉ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ኦርቶዶክስ ማለት ምን እንደሆነ እስካስረዳ ድረስ ያ በቂ ሆነልኝ። ከዚያ በኋላ ድግስ በሆነ ቁጥር ለእኔ ዓሣ ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ሙስሊም የሆናችሁም እንደዚሁ ገና በመጀመሪያው ሳምንት በግልጽ ተናገሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

ጤና ጣቢያዋ፣ እነሱ «ሃውስ ሲክ» የሚሏት፣ በምሰሶ ላይ የቆመች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት እሷ ብቻ ስለነበረች የዝናብ ውኃ የሚጠራቀመውም በእሷ ታንከር ነው። አንድ ታንኳ፣ አንድ ሞተር፣ በየወሩ የሚመጡ ጥቂት ጀሪካን ቤንዚን ነበራት። እዚያ ቤንዚን ማለት አምቡላንስ ማለት ነው። ያለ ሞተር፣ በመቅዘፊያ ብቻ፣ አምቡንቲ ያለው ጤና ተቋም ለመድረስ ቀንና ሌሊት ይፈጃል።

በሦስተኛው ወር ሁለት ጀሪካን ጠፋ። ነጂው ወስዶ ታች መንደር የሞተ ዘመዱን አስከሬን አምጥቶበታል። ተናደድኩ። «ዋንቶክ» የሚሉትን ነገር ያኔ የማውቀው በመጥፎ ስሙ ብቻ ነው። ቃሉ ቋንቋችን አንድ የሆነ ማለት ነው፤ ከ800 በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ቋንቋህን የሚናገር ሰው የሥጋ ዘመድህ ያህል ነው። ሲቸግረው ትሰጠዋለህ፣ ሲቸግርህ ይሰጥሃል፤ እምቢ ማለት አይታሰብም። እኛ የአገር ልጅ እንደምንለው፣ ግን የበለጠ የሚያስገድድ። እኔ ያየሁት ሌብነት ነው። ከመርካቶ ገዝቼ የሄድኩት ትልቅ ጓጉንቸር ነበረኝ፤ ነዳጁን መጋዘን አስገብቼ ቆለፍኩበት። ቁልፉን አንገቴ ላይ ከመስቀሌ ጋር አንድ ክር ላይ አሰርኩት። ማንም አልተቃወመም። ዝምታቸውን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት።

በሰባተኛው ወር ለመድኃኒትና ለደመወዝ በሌላ ሰው የሞተር ታንኳ ወደ ዌዋክ ወረድኩ፤ የጤና ጣቢያዋ ሞተር መንደር ቀረ። አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ስመለስ፣ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከላይ አንዲት ታንኳ ስትመጣ አየን። ሦስት ወንዶች ቆመው ይቀዝፋሉ። ሲቀርቡ የእኛው መንደር ሰዎች መሆናቸውን ነጂው ለየ። ታንኳዋ ሆድ ውስጥ የሙዝ ቅጠል ላይ አንዲት ሴት ተኝታለች። ከራስጌዋ ማማ ሕፃን አቅፈዋል። ከግርጌዋ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ወደ ታንኳው የሚገባውን ውኃ በተቆረጠ ጀሪካን እየቀዳች ወደ ወንዙ ትደፋለች። የምትደፋው ውኃ ቀይ ነበር።

ሴትየዋ የወለደችው በፊተኛው ቀን ማምሻውን ነው፤ የእንግዴ ልጁ አልወጣም። ሌሊቱን ሙሉ ቀዝፈዋል። ዳር ላይ አስጠጋናቸው። ከዌዋክ በክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥን ይዤው የመጣሁት ኦክሲቶሲን፣ ማህፀን የሚያኮማትረው መድኃኒት፣ ነበር፤ ሰጠኋት፣ ደም ሥሯን በስንት ፍለጋ አግኝቼ ግሉኮሱን ሰቀልኩ፣ ነጂው ከፍ አድርጎ ያዘልኝ። ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ጓንት አድርጌ የእንግዴ ልጁን በእጄ አወጣሁት። ማማ ሆዷን ከላይ ያዙልኝ። ደሙ ቆመ። ወዲያው አዙረን በሞተር ወደ አምቡንቲ ወረድን። ተረፈች። ልጁም ተረፈ።

በመንገድ ላይ ከቀዛፊዎቹ ትልቁ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። መጋዘኑ ውስጥ አራት ጀሪካን ቤንዚን እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። የመጋዘኑ በር እንጨት ነው፤ በአንድ መጥረቢያ ይወድቃል። ለምን አልሰበራችሁትም? አልኳቸው። አዩኝና በቀስታ «ኪ ኢ ስታፕ ሎንግ ዩ» አሉ። ቁልፉ ያለው አንቺ ጋ ነው። በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። የነርሷን በር መስበር ለእሳቸው የሚሆን ነገር አልነበረም፤ ሌቦች ብዬ የቆለፍኩባቸው ሰዎች የእኔን ቁልፍ አክብረው ሌሊቱን ሙሉ ደም ከሚፈሳት ሴት ጋር ቀዝፈዋል። አንገቴ ላይ ያለው ቁልፍ እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ስመለስ ሽማግሌዎቹ ከቤት ሥር፣ በምሰሶዎቹ መሐል ተሰበሰቡ። ይቅርታ ጠየቅሁ። አንድ ነገር ተማሩ፦ እዚያ ይቅርታ በቃል ብቻ አያልቅም። ማማ አስቀድመው መክረውኝ ስለነበር ሩዝና የቆርቆሮ ዓሣ ለሴትየዋ ቤተሰብ ይዤ ሄድኩ። እነሱም በምላሹ ሳጎ ሰጡኝ። ሁለቱም ወገን ሲሰጥ ነው ነገሩ የተዘጋው። ባዶ እጄን ሄጄ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ለዓመታት ሲነሳ ይኖር ነበር።

ከዚያ ስለ ነዳጁ ተወያየን። እኔ እድርን ነገርኳቸው፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ገንዘቡ እንዴት አስቀድሞ እንደሚዘጋጅ። አንድ ሽማግሌ በደንብ አዳመጡና ለእኔ ፈጽሞ ያልታየኝን ነገር ተናገሩ፦ ለሞተ ሰው የሚሆን ነዳጅ ለብቻው ካላስቀመጣችሁ፣ ሰው የእናቶችን ነዳጅ ለአስከሬን መውሰዱ አይቀርም። ዘመድ ታች ሞቶ እያለ ማንም አይቀመጥም። እኔ ለቀብር የሚውል ነዳጅ ብክነት ነው ብዬ ከሒሳብ አስወጥቼው ነበር፤ ችግሩን የፈጠረው እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ጀሪካን ቀይ ቀለም ተቀብቶ ለወላድ፣ ለእባብ ንክሻና ለሚንቀጠቀጥ ሕፃን ብቻ ሆነ። ሌላ ጀሪካን ለሐዘን ሆነ፤ እሱን የሚሞሉት ራሳቸው ናቸው፣ ጋሃሩ ከሚባለው መዓዛማ እንጨትና ከደረቅ ዓሣ ሽያጭ። ጓጉንቸሩ ቀረ፤ ሦስት ቁልፍ ነበረው። አንዱን ማማ፣ አንዱን ነጂው፣ አንዱን የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ያዙ። እኔ አልያዝኩም።

ማማ ቁልፍ እንዲይዙ ያደረግሁበት ምክንያት አለኝ። በብዙ የሴፒክ መንደሮች ሴት የምትወልደው ከመኖሪያ ቤት ተለይታ ነው፤ ወንዶች አይቀርቡም። ምጡ እንደከበደ መጀመሪያ የሚያውቁት አሮጊቶች ናቸው። ቁልፉ ወንዶች ጋ ብቻ ከሆነ ወሬው እዚያ እስኪደርስ ሰዓታት ያልፋሉ። የት እንደምትሄዱ አላውቅም፤ የትም ብትሄዱ ግን ምጥ መክበዱን መጀመሪያ የሚሰማው ማን እንደሆነ ጠይቁና ሥራውን ከእሱ ጀምሩ።

አንድ ሌላ ከባድ ስህተት ሠርቻለሁ፤ ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሕፃን በሳምባ ምች ሞተ። ለቅሶ ቤት ገብቼ፣ ከልቤ አዝኜ፣ ቶሎ ቢመጣ ኖሮ ይድን ነበር አልኩ። እኛ አገር እንደ ቁጭት የሚቆጠር ንግግር ነው። እዚያ ግን ሞት ያለ ምክንያት አይመጣም፤ «ሳንጉማ» የሚሉት መተት አለ። ማን አዘገየው? ወደሚል ጥያቄ ሄደ። በሁለተኛው ቀን የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ስም መነሳት ጀመረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ቀድመው ነገሩኝና ከእሳቸው ጋር ቤት ለቤት ዞረን በሽታው ምን እንደነበረ፣ እኔ ራሴ ምን እንዳየሁ አስረዳን። ስሟ ዳግም አልተነሳም። ጥንቆላን ለግድያ እንደ ማቅለያ ይቀበል የነበረው የ1971 ሕግ በ2013 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ተሽሯል፤ ወንዝ ዳር ግን ከሕጉ በፊት የሚደርሰው ወሬ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ሲሞት የበሽታውን ስም በዚያችው ሰዓት፣ ሁሉም ባለበት፣ በግልጽ እናገር ነበር። «ቢሆን ኖሮ» የሚለውን ቃል ግን ከአፌ አወጣሁት።

ብቸኝነቱን አልደብቅም። ኔትወርክ አልነበረም። ወር ሙሉ የእናቴን ድምፅ ሳልሰማ እቆይ ነበር። ወደ አምቡንቲ ስወርድ ደግሞ በእኛና በእነሱ መሐል የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ፤ እኔ ጠዋት ስደውል እነሱ እኩለ ሌሊት ላይ ናቸው፣ በድንጋጤ ነው የሚያነሱት። ለቤተሰብ አስቀድማችሁ የምትደውሉበትን ቀንና ሰዓት ንገሩ፤ ያልተደወለበት ሳምንት ሞት ማለት እንዳልሆነም አስረዱ። እኔን ያቆየኝ የማታ ጨዋታ ነው። ማማ ቤት በር ላይ ሴቶቹ ቡዋይ የሚሉትን የሚያነቃ የዘንባባ ፍሬ ከኖራ ጋር ያኝካሉ፤ ጥርሳቸው ቀይ ሆኖ ይስቃሉ። ጫት ቤት ያደገ ሰው ስሜቱ አይጠፋውም። እኔ ባላኝክም ከመካከላቸው አልጠፋም ነበር፤ የማን ልጅ ትኩሳት እንዳለው፣ የማን ባል እንደመታ፣ ማን አርግዛ እንደደበቀች የምሰማው እዚያ ነው። ከምዝገባ ደብተሬ ይልቅ ያ በር ብዙ ነግሮኛል።

ልመለስ ሁለት ወር ሲቀረኝ አንድ ሌሊት የሞተር ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ውኃው ሞልቶ ቤቴ ሥር ድረስ ደርሶ ነበር፤ አጎበሬን ገልጬ ስመለከት የባትሪ መብራት ወንዙ ላይ እየራቀ ነው። ማንም አልጠራኝም። ጠዋት ማማ እንደነገሩኝ አንድ ልጅ እባብ ነድፎት ነበር፤ እግሩን ጠቅልለው፣ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት አስረው፣ እንዳስተማርኳቸው ቁስሉን ሳይቆርጡ፣ መርዙን በአፍ ሳይመጥጡ፣ ከቀዩ ጀሪካን ቀድተው ወስደውታል። ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም? ስላቸው ደክሞሽ ነበር አሉኝ። ልጁ በስድስተኛው ቀን ተመለሰ።

ለምትሄዱ የመጨረሻው ነገር ስለ መመለሻው ነው። ቫይቫክስ የሚባለው የፓፑዋ የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቶሎ ቶሎ በማገርሸት የታወቀ ነው። እኔ አዲስ አበባ ከገባሁ በአምስተኛው ወር፣ ወባ በማይታሰብበት ሰፈር፣ ትኩሳት ያዘኝ፤ ሁለት ቀን ታይፎይድ ነው ተብዬ መድኃኒት ወሰድኩ። የት እንደነበርኩ አልተናገርኩም፣ እነሱም አልጠየቁኝም። ከአገሩ ስትወጡ የጂ ስድስት ፒ ዲ ምርመራ፣ ማለትም ደማችሁ ፕሪማኩዊንን መቻሉን የሚያሳየውን፣ አድርጋችሁ፣ ከተፈቀደላችሁ ጉበት ውስጥ የተኛውን ወባ የሚገድለውን የፕሪማኩዊን ሕክምናችሁን ሳታቋርጡ ጨርሱ። ከዚያም በኋላ ቢሆን በማንኛውም ትኩሳት ሐኪም ፊት ስትቀርቡ መጀመሪያ የምትሉት «ሴፒክ ነበርኩ» ይሁን፤ የደም ፊልሙን፣ የወባ ምርመራውን፣ ያን ጊዜ ነው የሚያዩላችሁ።